ዶሮዎቼ ጀርባቸው ተላጨ፣ የጀርባ ልብስ ልሰፋላቸው ነው፣ ልኩን የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ፣ ከሰሚት

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የምታረቡ ካላችሁ ብዬ ነው። ሰባት ሴት ዶሮ አሉኝ፣ አምስቱ ቦቫንስ የሚባሉት የፈረንጅ እንቁላል ጣዮች ናቸው፣ ጥር ላይ አንድ እርባታ ያረጁትን እየሸጠ ነው ሲባል ሄጄ የገዛኋቸው፣ ዕድሜያቸው ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ነው ብለውኛል። ሁለቱ ሀበሻ ናቸው፣ አንዷ ገብስማ አንዷ ጥቁር። ከነሱ ጋር አንድ ቀይ አውራ አለ፣ እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ገና ጫጩት ሆኖ ይዛልኝ የመጣችው፣ አሁን ግን እግሩ ላይ ያለው ሹሉ ራሱ የጣቴን አንጓ ያክላል።

ቦቫንሶቹ ስገዛቸውም ላባቸው ሳሳ ያለ ነበር፣ ጥሩ ምግብ ሲያገኙ ይበቅላል ብዬ ነው ያመጣኋቸው፣ አንገታቸው አካባቢ እውነትም እየሞላ ነው፣ ጀርባቸው ግን ጭራሽ ባሰበት። የሁለቱ ከክንፋቸው መሀል ጀምሮ እስከ ጭራቸው ድረስ ባዶ ቆዳ ነው የቀረው። የባሰባት ቡኔ የምላት ናት፣ ሰው ሲቀርባት ክንፏን ዘርጋ አድርጋ ቁጢጥ የምትለዋ፣ ትናንት ማታ ከቆጥ አውርጄ ሳያት ቆዳዋ ቀልቷል፣ ስነካው ይሞቃል፣ አውራው በጥፍሩ የቧጨራት ሁለት መስመር አለ አንዱ ቅርፊት ይዟል። እንቁላል ግን አላቋረጠችም እኮ፣ እንደዛ ሆና እየጣለች ነው፣ እሱ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ።

ፈረንጆቹ ለዶሮ ጀርባ የሚሰፉት ኮርቻ የሚሉት ነገር እንዳለ አየሁና ቅዳሜ ዕለት ከአሮጌ ነጠላ ቆርጬ በላስቲክ አሰርኩላት። ጠዋት ስነሳ ጨርቁ ዞሮ ሆዷ ሥር ገብቶ አንድ እግሯ ላስቲኩ ውስጥ ተጠላልፎ ቆጥ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ደግነቱ አልተሰበረችም። ከዛ ወዲህ መልሼ ላደርግላት ፈራሁ። ስለዚህ የሰፋችሁ ሰዎች ልኩ ስንት በስንት ነው፣ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው፣ ላስቲኩ በየት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ለብሳው ታድራለች ወይ፣ አሁን ዝናብ ደግሞ ጀማምሯል ቢረጥብስ? የልብስ ስፌት መኪና የለኝም በእጄ ነው የምሰፋው። አሮጌ ጂንስ ግን ሞልቷል።

አውራውን ሽጪው እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ እናቴ ለፋሲካ ብላ ነው ያመጣችው፣ ጾሙ ደግሞ ገና ነው።

ልብስ ሰፊ፣ ከአዳማ

ልጄ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዶሮም ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም፣ ለዶሮ መስፋት የጀመርኩት ግን አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ኮርቻ የሚለውን ስም አልወደድኩትም፣ እንዳየሁት የበቅሎ ግላስ ነው የሚመስለው፣ ጀርባ ላይ ጣል ተደርጎ ጎንና ጎኑ የሚያርፍ።

ነጠላው ለምን እንዳልሆነልሽ ልንገርሽ። ነጠላ ድሩ የላላ ነው፣ የአውራው ጥፍር ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይጎትተዋል፣ ሲጎትተው ይዞራል፣ ደግሞም ክሩ ይተረተራል፣ ዶሮ የተንጠለጠለ ክር ካየች ትል መስሏት ትጎትትና ትውጠዋለች፣ ጉሮሮዋ ሥር ያለው የእህል ቋት ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋታል። አንድ ዶሮ በዚህ ሞታብኛለች። ስለዚህ ጠፍጠፍ ያለ ድሩ ጥብቅ የሆነ ጨርቅ፣ ካኪ ወይ ያንቺው ጂንስ፣ በጣም ወፍራም ካልሆነ። ጂንሱን ከላይ አድርጊ፣ ከሥር ቆዳዋን የሚነካውን ገበር አሮጌ የአልጋ አንሶላ አድርጊው፣ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ። ብርድ ልብስ የመሰለ ፀጉራም ጨርቅ አይሆንም፣ ሙቀት ይይዛል ጥፍርም ይይዛል።

ልኩ እንዲህ ነው። ለቦቫንስ ቁመቱ 20 ሳንቲም፣ ወርዱ 18 ሳንቲም ይበቃል፣ ግን በኔ ቁጥር አትቁረጪ፣ መጀመሪያ ዶሮዋን ያዢና በክር ከአንገቷ ሥር ከክንፎቹ መነሻ ጀምረሽ ጭራዋ ከመጀመሩ ሁለት ጣት ቀድመሽ አቁሚ። ጭራዋ ሥር የቅባት እጢ አለች፣ በመንቁሯ እየነካች ላባዋን የምትቀባባት፣ እሷ መሸፈን የለባትም። ከዛ ጋዜጣ ላይ ልኩን አውጪ፣ ጋዜጣውን መሀል ለመሀል እጠፊና ከላይ በኩል ጠበብ አድርገሽ ቁረጪ፣ ሲዘረጋ የላይኛው ጠርዝ 6 ሳንቲም ቢሆን፣ ከዛ እየሰፋ መጥቶ ወደ ታች ክብ ይሁን። የሕፃን የለሃጭ መቀበያ ገልብጠሽ ብታዪው ያው እሱን ነው የሚመስለው። ለስፌት ዙሪያውን አንድ ሳንቲም ጨምሪ።

ላስቲኩ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ሁለት ቁራጭ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ለያንዳንዱ ክንፍ አንድ፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲም፣ ስፋቱ ሁለት ሳንቲም የሚሆነው የሱሪ ላስቲክ ይሻላል፣ ቀጭኑ ቆዳ ይቆርጣል። አንደኛው ጫፉ የላይኛው ጠርዝ ላይ ይሰፋል፣ ሌላው ጫፉ ከላይ ወደ ታች 9 ወይ 10 ሳንቲም ወርደሽ ጎኑ ላይ ይሰፋል፣ እንደዛ ሲሆን በግራና በቀኝ ሁለት ቀለበት ይወጣል። ክንፏ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል፣ ልክ ሕፃን ልጅ ቦርሳ እንደሚያነግት። ሆዷ ሥር ምንም ነገር አይዞርም። አንቺ ዙሪያዋን ነው ያሰርሻት፣ ለዛ ነው እግሯ የገባው።

ስትሰፊ ጂንሱንና ገበሩን ፊት ለፊት አድርገሽ ላስቲኩን መሀላቸው ከተሽ ዙሪያውን ስፊ፣ ከታች በኩል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍት ተዪ፣ በሱ ገልብጪውና ክፍቱን ዝጊ፣ ከዛ እንደገና ጠርዝ ጠርዙን ዙሪያውን ምቺው። በእጅ ከሆነ መርፌውን በየስፌቱ ወደ ኋላ እየመለስሽ ስፊ፣ ክሩን ድርብ አድርጊ፣ ላስቲኩ የተያያዘበት ቦታ ላይ አራት አምስት ጊዜ ተመላለሺበት። የሚያብረቀርቅ ቁልፍ አታድርጊበት ይነቁሩታል። ክሩን ስትጨርሺ ጫፉን ውስጥ ቅበሪው።

የምታለብሻት ማታ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ ነው፣ በብብትሽ ሥር ያዣት፣ አንዱን ክንፍ አስገቢ ቀስ ብለሽ ሁለተኛውን። ትንሽ ጣትሽ በላስቲኩና በክንፏ መነሻ መሀል ካላለፈ ጠብቋል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ወደ ኋላ እየሄደች ልታወልቀው ትሞክራለች፣ አንዳንዷ ቁጭ ብላ አልነሳም ትላለች፣ በማግስቱ ይለቃታል። ሁለቱንም አንድ ቀን አልብሻቸው፣ አንዷ ብቻ ከለበሰች ሌሎቹ እንግዳ መስላቸው ያባርሯታል።

ከሐዋሳ

እኔ እንኳን አልሰፋሁም፣ ግን እህቴ አውራውን ሽጪው አልልሽም፣ ለይተሽ አስቀምጪው ነው የምልሽ። ለአንድ አውራ ስምንት አሥር ሴት ቢኖረው ይመከራል፣ ያንቺዎቹ ሰባት ናቸው፣ እሱ ደግሞ ሁሉንም እኩል አያይም፣ ቁጢጥ ብላ የምትቀበለውን ነው ቀኑን ሙሉ የሚሰርራት፣ ቡኔ ያልሻት ለዛ ነው የባሰባት፣ ሌሎቹ ስለሚሮጡ ተርፈዋል። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፣ ጫጩት ካልፈለግሽ እስከ ፋሲካ ድረስ ግቢው ጥግ ላይ በሽቦ ከልለሽ እህሉን እየሰጠሽ አስቀምጪው ይወፍርልሻል፣ እናትሽም ደስ ይላታል። እግሩን በገመድ እንዳታስሪው ብቻ፣ ቁስል ያወጣል።

ለይቼ ማስቀመጫ የለኝም ካልሽ ደግሞ ማታ ይዘሽ የጥፍሩን ሹል ጫፍና ከእግሩ ኋላ ያለውን ሹል በሞረድ ክብ አድርጊው፣ አትቁረጪ፣ ውስጡ ደም ሥር አለው፣ ጫፉን ብቻ ነው የምታዱለዱሚው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከቢሾፍቱ

የእትዬ የስፌት ትምህርት በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ከጨርቁ በፊት መታየት ያለበትን ልጨምር። ጀርባ ብቻ ከተላጨ፣ አንዳንዴም የማጅራት ላባ ከተነቀለ፣ አውራው ነው፣ ምክንያቱም ሲወጣ በመንቁሩ ማጅራቷን ይነክሳል በእግሩ ጀርባዋ ላይ ይቆማል። ጭራዋ ሥርና እንቁላል መውጫዋ አካባቢ ከተላጨ ቅማል ወይ ቅንቅን ጠርጥሪ፣ ወይ እርስ በርስ መነቋቆር ሊሆን ይችላል። ከአንገት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየሄደ ከሆነ እንቁላል መጣልም ካቆመች ላባ መቀየር ነው፣ እሱ በሽታ አይደለም። ያንቺ ሁለት ሦስቱ የተደራረበ ይመስለኛል።

አሁን ማታ በባትሪ አንድ ነገር እይልኝ። ባዶው ቆዳ ላይ ጉቶ የመሰለ የተሰበረ የላባ ግንድ ይታይሻል ወይስ ቆዳው ልስልስ ነው? ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፣ ላባ ከሥሩ ከተነቀለ ወዲያው አዲስ መብቀል ይጀምራል፣ በአንድ ወር ተኩል ሁለት ወር ውስጥ ይሞላል። ግንዱ ተሰብሮ ጉቶው ቆዳ ውስጥ ከቀረ ግን ዶሮዋ ላባ እስክትቀይር ድረስ ምንም አይበቅልም፣ የፈለግሽውን ብታበያት። ስለዚህ ጉቶ ካየሽ ልብሱን ወራት ልታለብሻት ነው ማለት ነው፣ ሁለት ሁለት ስፊላቸው። ጉቶውን ደግሞ ራስሽ እንዳትነቅይ ያማታል ይደማል።

ሁለተኛው ቆጡ ነው። ቀዩ ቅንቅን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም፣ የቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ማታ ወጥቶ ደም ጠጥቶ ይመለሳል። ዶሮዋን ቀን አይተሽ ንጹሕ ናት ብለሽ ብታለብሻት ሌላ ነገር ነው የምትሸፍኚው። ከመሸ በኋላ ነጭ ሶፍት ይዘሽ የቆጡን እንጨት ከሥሩ በኩል ጥረጊው፣ ሶፍቱ ላይ ቀይ የደም መስመር ከወጣ አለ ማለት ነው። የፈላ ውሃ ስንጥቁ ላይ፣ ከዛ ኖራ መቀባት፣ በሳምንቱ መድገም ነው፣ አንድ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጎልማሳ ሊሆን ይችላል። ለራሳቸው ደረቅ አፈር፣ አሸዋና የተነፋ የእንጨት አመድ ቀላቅለሽ ዝናብ በማይገባበት ቦታ አስቀምጪላቸው ይንከባለሉበት፣ ልብሱን የለበሱትን ግን በሁለት ሦስት ቀን አንዴ አውልቀሽ ለግማሽ ቀን አመዱ ላይ ልቀቂያቸው፣ ከልብሱ ሥር ያለውን ቆዳ እነሱ መድረስ አይችሉም። የእህልና የአትክልት ፀረ ተባይ ዶሮ ላይ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ፣ ዶሮዋንም ይገድላል እንቁላሉ ውስጥም ይገባል።

ቡኔ ላይ ያለው ቁስል ቅርፊቱ እስኪደርቅ አታልብሻት። ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥበሽ ጂቪ የሚባለውን የቁስል ቀለም ቀቢላት፣ ወይን ጠጅ ቀለሙ ቀዩን ቆዳ ስለሚደብቀው ሌሎቹ መንቆር ይተዋሉ። ክንፏንም አንስተሽ ጎኗን እይ፣ የአውራ ሹል ብዙ ጊዜ የሚሰነጥቀው እዛ ነው፣ ላባ ስለሚሸፍነው ሰው አያየውም፣ ልብሱም እዛ ድረስ አይደርስም።

ምግባቸውን አልነገርሽንም። ፉርሽካና የእንጀራ ትርፍራፊ ብቻ ከሆነ ላባ አይወጣም፣ ላባ ከመቶ ሰማንያ አምስት እጅ በላይ ፕሮቲን ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ግዢ፣ ካልሆነ ኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን፣ ጨምሪበት።

ከሲያትል

ሰላም ለሁላችሁም፣ እዚህ ሲያትል ከተማ ውስጥ እስከ 8 ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል አውራ ግን ክልክል ነው፣ እና አውራ ሳይኖረኝም የኔዎቹ ጀርባቸው ተላጭቶ ያውቃል፣ ትልቋ ናት እየነቀለች የምትበላው። እዚህ በብርዱ ወራት ዝናቡ ስለማያባራ ጠባብ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው ሲውሉ ነው የጀመረችው። ጎመን በገመድ አንጠልጥዬ ስራ ስሰጣቸው ቀነሰ፣ ያኔ ነው እኔም ይሄን ልብስ የገዛሁት። የገዛሁት ላስቲኩ ጫፍ ላይ ጠቅ የሚል ቁልፍ ሁለት ሦስት ቦታ ነበረው፣ ማጥበቅና ማላላት ይቻላል፣ እህቴ በእጅሽ ስትሰፊ እሱን ብታስቢበት፣ ዶሮ ላባ ስታወጣ ልኳ ይቀየራል።

ዝናቡን ለጠየቅሽው፣ እኔ ጂንሱን አልመክርም፣ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ እርጥብ ጨርቅ ባዶ ቆዳ ላይ አድሮ ከሥሩ ቆዳዋ ነጭ ሆኖ ሸብሽቦ አግኝቼዋለሁ። ከዛ በኋላ ማታ ማታ አወልቃለሁ። የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ከላይ አድርጌ ከሥር ጥጥ የሰፋሁት ነው እስካሁን የሚያገለግለኝ፣ ቀላል ነው ቶሎ ይደርቃል ጥፍርም ያንሸራትታል።

አንድ ልዩነት ደግሞ አለ፣ እዚህ ቀኑ ጁን ላይ 16 ሰዓት ደርሶ ዲሴምበር ላይ ወደ 8 ሰዓት ተኩል ስለሚወርድ ዶሮዎቹ መከር ላይ ባንዴ ነው ላባ የሚቀይሩት፣ ጉቶውም ያኔ ይወጣል። አዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ሁሉም በየራሷ ጊዜ ነው የምትቀይረው ይሉኛል እናቴ፣ እና መቼ እንደሆነ ጠብቀሽ ማየት ነው።

ጠያቂ፣ ከሰሚት

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ሳልመለስ የቆየሁት ውጤቱን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው። እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተርም፣ ሁላችሁም።

መጀመሪያ ቆጡን ነው ያየሁት። ቆጤ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፣ ልጡ ሳይላጥ ነበር የገጠምኩት። በሶፍት ስጠርገው መስመር ወጣ፣ ደም ነው፣ ጠዋት ልጡን በቢላ ስልጠው ከሥሩ እንደ ተፈጨ በርበሬ ሆኖ ሰፍሮ አገኘሁት፣ አንዳንዱ ግራጫ አንዳንዱ ደም የጠገበ ቀይ፣ እጄ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ስንት ወር እየተበሉ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ማታ ወደ ቆጥ አንገባም ሲሉኝ በዱላ ነበር የማስገባቸው። አጣናውን በሙሉ አውጥቼ አቃጠልኩት፣ በተላገ እንጨት ቀየርኩ፣ ኖራም ቀባሁ፣ በሳምንቱ ደገምኩ። አሁን ራሳቸው ነው የሚገቡት።

አውራውን የሐዋሳው ወንድሜ እንዳለው በሽቦ ለየሁት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጩኸቱ ጎረቤት አስቸግሮ ነበር አሁን ለምዷል።

ልብሱን በጃንጥላ ጨርቅ ነው የሰፋሁት፣ ገበሩ አንሶላ፣ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ላስቲክ ጠብቆ ክንፏ መነሻ ላይ ላባ ሲያሳሳ አየሁና ፈትቼ 16 ሳንቲም አደረግኩት። ቡኔ ቁስሏ ሲደርቅ በስምንተኛው ቀን አለበስኳት፣ ሌላኛዋንም አብሬ፣ እትዬ እንዳሉት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳ ስትነካ ቆመች፣ በማግስቱ ረሳችው። ትናንት አውልቄ ሳያት ግራ ጎኗ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ከቆዳዋ ሥር ይታያል፣ አንዳንዱ ወጥቶ እንደ እሾህ ቆሟል ጫፉ ላይ ቡኒ ላባ ብቅ ብሏል። መሀል ጀርባዋ ላይ ግን ጉቶው እንዳለ ነው፣ ምንም የለም። ዶክተር ያሉት ሁለቱም አንድ ዶሮ ላይ አለ ማለት ነው። አዲሱን ስነካው ጮኸች፣ መንካት ተውኩ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ጥቁሯ ሀበሻዋም ትከሻዋ ላይ ትንሽ ሳስቷል፣ የቦቫንሷን ባለብሳት ጎኗ ላይ ይንጠለጠላል፣ በስንት ልቁረጥላት?

ልብስ ሰፊ፣ ከአዳማ

እሰይ ልጄ። ለሀበሻዋ ቁመቱን 16 ወርዱን 14 አድርጊው፣ ላስቲኩ 12 ይበቃታል፣ ግን ያው በክር ለኪያት። እሾህ የመሰለው እየወጣላት ያለችው ቡኔ ላይ ገበሩን እይው፣ ስፌቱ አብጦ ከሆነ አዲሱን ላባ ይሰብረዋል፣ በጋለ ካውያ ተጫኚውና መልሰሽ አልብሻት። አውራው ተለይቶ ሳለ ደግሞ ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት አውልቀሽ ልቀቂያት፣ አየር ያግኘው።